ድንጋይ ለባሿ ሕፃን፤ የኤሊ ጫጩት በሰው አገር እንዴት ታድጋለች?

በሰው አገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ሁሉ ፈጥኖም ሆነ ዘግይቶ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣና «እገሌ ውሻ አለው፤ እገሊት ድመት አላት፤ እኔስ?» ይላል። እናት ውሻ እቤት ውስጥ አይገባም ትላለች። አባት የድመት ፀጉር አስም ያስነሳብኛል ይላል። የአፓርትማው ውል ደግሞ ሁለቱንም ይከለክላል። ክርክሩ ሳምንታት ከፈጀ በኋላ ከቤተሰቡ አንዱ በእንስሳት መደብር መስኮት ያየውን መፍትሔ ይዞ ብቅ ይላል፤ ኤሊ! አትጮኽም፣ ፀጉር አታራግፍም፣ ጠዋትና ማታ ውጭ አውጡኝ አትልም። መዳፍ ላይ ጉብ ብላ አንገቷን ስትሰግግ ያየ ሰው ምን ብሎ እምቢ ይላል?

በዚህ መንገድ ወደ ሐበሻ ቤት የሚገቡት ኤሊዎች ጥቂት አይመስሉኝም። እኔ ብቻ ባለፉት ዓመታት በአራት ወዳጆቼ ቤት አይቻለሁ። ከአራቱ ጫጩቶች ሁለቱ የመጀመሪያውን ክረምት አላለፉም። ባለቤቶቹ ጨካኞች ሆነው አይደለም። እንዲያውም አንደኛው ቤት ውስጥ የስምንት ዓመቷ ልጅ ለኤሊዋ ስም አውጥታ፣ ልደቷን በካሌንደር ላይ ምልክት አድርጋ ስትጠብቅ ነበር። የሸጠላቸው ሰው የሰጣቸው መመሪያ የመስተዋት ሣጥን፣ አንድ አምፖልና አንድ ከረጢት ደረቅ አሸዋ ነበር። «የበረሃ እንስሳ ስለሆነች ውሃ አታብዙባት» ሲልም መክሯቸዋል። በአራተኛው ወር ኤሊዋ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ መብላት አቁማ ሞተች። ልጅቷ ለብዙ ጊዜ «ምን አድርጌያት ነው?» እያለች ትጠይቅ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዘሯ። «ኤሊ» የምንለው ስም የውሃውንም የየብሱንም ይጠቀልላል። በውሃ ውስጥ የምትኖረው ሌላ ናት፤ አያያዟም ሌላ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ የብስ ኤሊ ነው። በአሜሪካ ገበያ በብዛት ከሚገኙት የየብስ ኤሊዎች አንደኛዋ ሱልካታ ትባላለች። ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ትልም ያለው» እንደማለት ነው፤ የጀርባዋ ቅርፊት እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ትልም አለውና። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህች እንስሳ የአገራችን ልጅ መሆኗን ነው። የትውልድ ስፍራዋ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ጀምሮ የሰሐራን ደቡባዊ ጠርዝ ይዞ በማሊ፣ በኒጀር፣ በቻድና በሱዳን አልፎ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ይደርሳል። ሌላዋ ተወዳጅ፣ የነብር ቆዳ የመሰለ ነጠብጣብ ያላት ኤሊም እንዲሁ በእኛው ቆላ የምትገኝ፣ ከዚያም እስከ ደቡብ አፍሪካ የምትዘልቅ ናት። እንግዲህ ስደተኛ ስደተኛን ያሳድጋል ማለት ነው።

ታዲያ ከአገር ቤት ይዤ ልምጣ የሚል እንዳይኖር። የየብስ ኤሊዎች ሁሉ የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በሚባለው ስምምነት ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ከዱር የተያዘ ሱልካታ ለንግድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የተፈቀደው ኮታ ከ2000 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። በዚያው በ2000 የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ሱልካታንና ነብርማዋን ኤሊ ከውጭ ማስገባትን አግዷል። ምክንያቱም ከቆዳቸው ላይ የሚጣበቀው መዥገር ከብትን የሚፈጅ በሽታ ተሸክሞ ሊገባ ስለሚችል ነው። ስለዚህ ዛሬ በአሜሪካ የሚሸጡት ጫጩቶች እዚያው የተፈለፈሉ ናቸው። አንዲት እናት ኤሊ በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 30 እንቁላል ልትጥል፣ ይህንኑም በዓመት ውስጥ ልትደጋግም ስለምትችል የገበያው ዋጋ መርከሱ አያስገርምም።

አንድ ሕግ ደግሞ በተለይ ወላጆች ልታውቁት ይገባል። በአሜሪካ ከ1975 ጀምሮ የቅርፊቷ ርዝመት ከ4 ኢንች (ከ10 ሳንቲ ሜትር) በታች የሆነች ኤሊ ለቤት እንስሳነት እንዳትሸጥ ተከልክሏል። ሕጉ የወጣው ሕፃናት ትንንሾቹን ኤሊዎች አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ሳልሞኔላ በተባለው ተሕዋስ ስለታመሙ ነው። ከእንቁላል የወጣች ሱልካታ ግን 5 ሳንቲ ሜትር እንኳ በቅጡ አትሞላም። ነጋዴው «ለትምህርት ነው» የሚል ወረቀት አስፈርሞ ቢሸጥላችሁ ለምን እንደሚያስፈርማችሁ ዕወቁ። በበኩሌ የምመክረው ዋጋው ቢጨምርም 10 ሳንቲ ሜትር ያለፈች፣ ቅርፊቷ ለስላሳና የተስተካከለ፣ በጥሩ ሰው እጅ ያደገች ኤሊ መግዛት ነው። አስቸጋሪውን ዘመን አሳልፋላችኋለችና። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የሜዲትራኒያን ኤሊዎች፣ እነ ኸርማን ኤሊና የግሪክ ኤሊ፣ ያለ ሕጋዊ የምስክር ወረቀት ሊሸጡላችሁ እንደማይገባ አትርሱ። ወረቀቱን ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

«የበረሃ እንስሳ ናት፣ እርጥበት አትወድም» የሚለው አባባል ብዙ ጫጩቶችን ገድሏል። እርግጥ ነው፣ ሱልካታ የምትኖርበት አገር ደረቅ ነው። ይሁን እንጂ እሷ የምትኖረው በአገሩ ገጽ ላይ አይደለም። ፀሐይዋ ስትከር መሬት ቆፍራ ትገባለች። የትልልቆቹ ጉድጓድ ከ3 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። እጉድጓዱ ውስጥ ያለው አየር ላይኛውን እንደሚያቃጥለው አየር አይደለም፤ ሞቃትና እርጥብ ነው። ጫጩቶቹም የሚፈለፈሉት ሣሩ ለምለም በሆነበት ወቅት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜያቸውን በቅጠል ሥርና በጉድጓድ ውስጥ ተሸሽገው ያሳልፋሉ። እንግዲህ ይህችን ፍጥረት ወስደን አናቱ ክፍት በሆነ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ፣ ከላይ በአምፖል እያነደድን፣ ከሥር ደረቅ አሸዋ ካነጠፍንላት፣ እንደ ቋንጣ ነው የምናደርቃት። በክረምት የቤት ማሞቂያ የሚለቀው ደረቅ አየር ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁም ብትሆኑ ቀኑን ሙሉ የማይጠፋው የአየር ማቀዝቀዣ ያው ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል።

የድርቀቱ ውጤት በሁለት መንገድ ይታያል። አንደኛው በቶሎ የሚገድለው ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ፊኛ ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ሁለተኛው የማይገድል ግን ዕድሜ ልክ የሚቆይ ምልክት ነው፤ የጀርባዋ ቅርፊት እያንዳንዱ ክፋይ እንደ ትንሽ ተራራ ወደ ላይ ይሾላል። ለብዙ ዘመን ይህ የሚመጣው ከፕሮቲን ብዛት ነው ይባል ነበር። በ2003 ይፋ የሆነው የቪየና ተመራማሪዎች ጥናት ግን የሱልካታ ጫጩቶችን በተለያየ እርጥበትና በተለያየ የፕሮቲን መጠን አሳድጎ ሲያወዳድር ዋነኛው ምክንያት የአየር ድርቀት ሆኖ ተገኘ፤ የፕሮቲኑ ድርሻ አነስተኛ ነበር። አንዴ የሾለ ቅርፊት ተመልሶ አይስተካከልም። ወደፊት የሚያድገው ክፍል ብቻ ነው ሊስተካከል የሚችለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቅ ወጪ የለውም። አናቱ የሚዘጋ ሰፋ ያለ ሣጥን ፈልጉ። ግድግዳው የማያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ኤሊ መስተዋት ምን እንደሆነ ስለማይገባት ወደ ውጭ ለመውጣት ቀኑን ሙሉ ስትገፋ ትውላለች። ከሥር አሸዋ ሳይሆን የኮኮናት ልጥ ወይም የዛፍ ቅርፊት ፍቅፋቂ አንጥፉ፤ በየጊዜው ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሳችሁ ሥሩን እርጥብ አድርጉት። አሸዋ ከምግብ ጋር እየተዋጠ አንጀት ይዘጋል። በአንድ ጥግ መደበቂያ ዋሻ ይኑራት፤ የተቆረጠ የአበባ ማሰሮ ይበቃል። የአየር እርጥበቱ 80 በመቶ አካባቢ መሆኑን የሚያሳይ መለኪያ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል።

ሙቀቱ ግን ከእርጥበቱ እኩል መጠበቅ አለበት። እርጥብና ቀዝቃዛ ከሆነ ሳንባዋን ትታመማለች። በአንደኛው ጫፍ ከአምፖሉ ሥር 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (95 ፋራናይት) ይሁን፤ የቀረው ሣጥን ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን፤ ሌሊትም ቢሆን ከ26 ዲግሪ ገደማ አይውረድ። ሌሊት ብርሃን የማይሰጥ የሸክላ ማሞቂያ ከሙቀት መቆጣጠሪያ ጋር መጠቀም ነው። የሚሞቅ ድንጋይ እየተባለ የሚሸጠውን ግን አትግዙ፤ ሆዷን ያቃጥላታል። በነገራችን ላይ «ኤሊ እኮ ክረምቱን ተኝታ ታሳልፋለች» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ እውነት የሚሆነው ለሩሲያ ኤሊና ለአንዳንድ የሜዲትራኒያን ዘሮች ነው። ሱልካታና ነብርማዋ ግን የክረምት እንቅልፍ በደማቸው ውስጥ የለም። ጥር ላይ ደንዝዛ ጥግ ይዛ ያገኛችኋት ጫጩት አልተኛችም፤ እየሞተች ነው።

የፀሐይን ነገር ለብቻው እንየው። ኤሊ አጥንቷንና ቅርፊቷን ለመገንባት ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ ካልሲየሙን ለመጠቀም ቫይታሚን ዲ3 ያስፈልጋታል፤ ቫይታሚኑን የምትሠራው ደግሞ ዩቪቢ የተባለው የፀሐይ ጨረር ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ነው። ብዙዎች ሣጥኑን መስኮት ሥር አድርገው ፀሐይ ታገኛለች ይላሉ። የመስኮት መስተዋት ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ ይህን ጨረር አያሳልፍም። ስለዚህ ለተሳቢ እንስሳት የተሠራ የዩቪቢ ቱቦ ቀን 12 ሰዓት ያህል ይበራላት። ቱቦው መብራቱን እየሰጠም ጨረሩ ቀስ በቀስ ስለሚሞት በአምራቹ መመሪያ መሠረት፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ፣ መለወጥ አለበት። በበጋ ቀን ደጅ ሣር ላይ ብታወጧት ከሁሉ ይበልጣል። ግን ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ ቁራና ውሻ ጠላቶቿ ናቸው። በጀርባዋ ከተገለበጠችም ጫጩት መነሳት አቅቷት ፀሐይ ላይ ልትሞት ትችላለች።

የሰውነት ማጠቢያዋንም አትርሱ። በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ በዝርግ ሳህን አድርጋችሁ፣ ውሃው ከአገጯ ሳያልፍ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አስቀምጧት። ትጠጣለች፤ አብዛኛውን ጊዜም እዚያው ትጸዳዳለች። ከሽንቷ ጋር የሚወጣው ነጭ ነገር እንደ ክሬም ለስላሳ ከሆነ ጤና ነው። እንደ አሸዋ ከሻከረ ውሃ ጎድሏታል። ይህን ሥራ ለልጆች መስጠት ይቻላል። ልጆች በሰዓቱ የሚሠሩት የቤት ሥራ ቢኖር ይኸው ነው ያለኝ አንድ አባት አለ።

ወደ ምግቧ ስንመጣ ሐበሻ እንግዳ ሳያበላ አይተኛምና ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዲት የማከብራቸው እናት የልጅ ልጃቸው ኤሊ ሣር ስትበላ አይተው፣ «ሣር ብቻ? ምን በድላ ነው? ፍርፋሪ እንኳ አይገባትም?» ብለው እንጀራ በሽሮ ሲያቀርቡላት አይቻለሁ። ልጁም «እማማ፣ ምግቧ አይደለም እኮ!» ይላል። «አንተ ዝም በል፣ እኔ አባትህን ያሳደግሁት በምን ይመስልሃል?» አሉት። የልጁ ወገን ነኝ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የውሻና የድመት ምግብ፣ አይብ፣ ሥጋ ለሱልካታ አይሆኑም። አንጀቷ የተሠራው እንደ ከብት ሣር ለማብላላት ነው። ፍራፍሬም ለእሷ ጣፋጭ መርዝ ማለት ይቀላል፤ አንጀቷን ያበላሻል፣ ተቅማጥ ያመጣል። አቮካዶ ደግሞ ፈጽሞ አይሰጣትም።

የሚበጃት ሣር ነው፤ የመድኃኒት ርጭት ያልነካው ሣር። የጎረቤት ሣር አረንጓዴነቱ የሚያምረው አብዛኛውን ጊዜ የአረም ማጥፊያ ስለተረጨበት ነውና ከዚያ አትጨዱ። ጫጩት ድርቆሽ ለመቆርጠም አፏ ስለማይጠነክር ለስላሳውን በመቀስ ከትፋችሁ ስጧት። ቢጫ አበባ ያለውና ሁሉም ሰው ከግቢው ሊያጠፋው የሚታገለው ዳንደላየን ቅጠሉም አበባውም ምግቧ ነው። የሂቢስከስ ቅጠልና አበባም ትወዳለች። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የበለስ ቁልቋል ነው። ትግራይ ውስጥ ፍሬውን የምንበላው ያው በለስ፣ ገላው በሜክሲኮዎች ሱቅ «ኖፓል» ተብሎ እሾሁ ተነቅሎ ይሸጣል። ውሃ አለው፣ ካልሲየም አለው፣ ርካሽ ነው። ቆስጣና ስፒናች ግን ካልሲየሙን አስረው ስለሚያስቀሩባት አታዘውትሩ። ጎመን አልፎ አልፎ አይከፋም። ውሃ ብቻ የሆነው ነጭ ሰላጣ ሆድ ከመሙላት በቀር ጥቅም የለውም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቁንጥር የካልሲየም ዱቄት ምግቧ ላይ ነስንሱ።

ሕመሟን ማወቅ ከባድ ነው። ኤሊ አታቃስትም፤ የታመመች መሆኗን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች። ስለዚህ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘናችሁ ግራሙን ጻፉ። ከእንቁላል ስትወጣ ከ30 እስከ 40 ግራም ገደማ የነበረችው በየወሩ መጨመር አለባት። ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆመች ወይም ከቀነሰች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። አፍንጫዋ አረፋ ከደፈቀ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ዓይኗ ካበጠ ወይም ከጎደጎደ፣ ወራት ያለፏት ሆና ቅርፊቷ ሲጫኑት ከሰጠ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ተሳቢ እንስሳትን አያክምም። የሚያክመውን አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ከታመመች በኋላ ስልክ መደወል ጊዜ ይበላል። ሁለተኛ ኤሊ ገዝታችሁ ጓደኛ እንስጣት አትበሉ። ሁለት ሲሆኑ ደካማዋ ትጨቆናለች፤ ምግብና ሙቀት እየተነፈጋት በዝምታ ትቀጭጫለች። ብቸኝነት የእኛ ሕመም እንጂ የእሷ አይደለም።

የቤቱም ሰው ጤና አለ። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ ሳልሞኔላ ተሸክማ ልትኖር ትችላለች። የነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሣህኗ እኛ በምንበላበት ማጠቢያ ውስጥ አይታጠብ። ልጆች አይሳሟት። ከ5 ዓመት በታች ሕፃን ወይም ሰውነቱ የተዳከመ ሽማግሌ ያለበት ቤት ተሳቢ እንስሳ ባያስገባ ይሻላል የሚለው የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ምክር ነው፤ እኔም እስማማለሁ።

አሁን ነጋዴው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ይህች መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ፍጥረት በጥሩ እጅ ካደገች በ5 ዓመት ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ልታልፍ ትችላለች። ሱልካታ በዓለም ካሉት የየብስ ኤሊዎች ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ቀጥሎ ሦስተኛው ግዙፍ ነው። ወንዱ 45 ኪሎ ማለፉ የተለመደ ነው። አጥር ይገፋል፣ በር ይሰብራል፣ ከቤት መሠረት ሥር ይቆፍራል። ወንድ ትሁን ሴት ጫጩቷን አይቶ መለየት አይቻልም፤ 30 እና 35 ሳንቲ ሜትር እስክትሆን መጠበቅ ነው። «አልማዝ» ያላችኋት «በላቸው» ሆና ብትገኝ አትደነቁ። ዕድሜዋም 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ዛሬ የ8 ዓመት ልጅ ሲቀበላት፣ ኮሌጅ ሲገባ ዶርም ይዟት አይሄድም፤ ሲያገባም እርሷው አለች። እናንተ አገር ቤት ልትጦሩ ስትመለሱ ለማን ትተዋት?

በአሪዞናና በካሊፎርኒያ የተጣሉ ኤሊዎችን የሚሰበስቡ መጠለያዎች በሱልካታ ተጨናንቀዋል። መናፈሻ ውስጥ «ነፃ ይውጡ» ብሎ መልቀቅ ደግሞ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ በረዶ በሚጥልበት አገር ያለ ኤሊ ከመጀመሪያው ብርድ አያልፍም። ግቢ የሌለው፣ አፓርትማ የሚኖር ቤተሰብ ከሱልካታ ይልቅ 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የምትቆመውን የሩሲያ ኤሊ ቢያስብ ይሻለዋል፤ እሷም ብትሆን ዕድሜዋ ረጅም ነው፣ የራሷም አያያዝ አላት። እምቢ፣ ሱልካታን ነው የምንፈልገው ካላችሁ ደግሞ ከመጠለያ ያደገች ውሰዱ። ብዙዎቹ ያለ ዋጋ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሰጣሉ። የሚጠይቋችሁ ግቢያችሁን፣ አጥራችሁንና የክረምት ማሞቂያ ያለው ጎጆ እንዳላችሁ ነው፤ ሄደው ሳያዩም አይሰጡም።